የማክሰኞ ጋቢና

ሰውየውን «ቀበቶ» ብለው የሰየሙት የመርከቧ ሰዎች ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዳ አንድም ተሳፋሪ ቅጽል ስም አላወጣለትም፤ መርከቧ ላይ ግን በገባ በሳምንቱ ወጣለት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እሱ የሚነዳው ሚኒባስ ውስጥ የገባ ሰው፣ ካፒቴኑም ቢሆን፣ ቀበቶውን ካላሰረ ሞተር አይነሣም። በስፖኪዮው ወደ ኋላ ያይና «ቀበቶ» ይላል፤ ከዚያ እጁን አጣምሮ ይጠብቃል። ከየአገሩ የመጡት ነርሶች ከእኛ ቋንቋ መጀመሪያ የለመዱት ቃል «ሰላም» አይደለም፣ «አመሰግናለሁ»ም አይደለም፤ ይሄው ነው። መመገቢያ አዳራሽ ሲገባ ከየጠረጴዛው «ቀበቶ፣ ና እዚህ» እያሉ ይሻሙበታል። እሱም ደስ ይለው ነበር። ደስ የማይለው ማን አለ?

ዛሬ በዚያ ስም ሲጠሩት ፊቱን ያዞራል። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ነገሩን ከሥሩ መስማት ያስፈልጋል።

መርከቧ የክርስቲያን በጎ ፈቃደኞች ሆስፒታል ነበረች። ነጭ፣ ረጅም፣ ሆዷ ውስጥ የቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ጸሎት ቤት፣ ጸጉር ቤት ሳይቀር የያዘች። ወደቡ ላይ ለአሥር ወር ትቆማለች ተባለ። በሽተኛው በነጻ ይታከማል፣ ሠራተኛውም በነጻ ይሠራል። ቀበቶ ያኔ ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ሚስቱ አርፋለች፣ ልጆቹ ትዳር ይዘው ወጥተዋል፤ እሱ ግቢ መጥረግንና ከጎረቤት ድመት ጋር መጣላትን ሥራዬ ብሎ ይዞ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «መንገዱን አበጥሮ የሚያውቅ ሾፌር ይፈለጋል» ሲባል ከሁሉ በፊት እጁን ያወጣው እሱ ነው።

የመርከብ ኑሮ ለሱ ዓይነቱ ሰው አዲስ ዓለም ነው። መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተደራራቢ አልጋ ላይ ከሦስት ወንዶች ጋር ያድራል፤ ከአንድ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ከአንድ ዳቦ ጋጋሪና ስለ ኮምፒውተር ካልሆነ በቀር አፉን ከማይከፍት አንድ ወጣት ጋር። ገላ መታጠብ የተፈቀደው ለሁለት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ውሃው ለበሽተኛ ነውና። ቧንቧ ሠራተኛው በሩን እያንኳኳ ይቆጥራል። «ቀበቶ፣ ገላህን ታጠብ እንጂ ሳሙናህን አትጠብ» ይለዋል። በየሳምንቱ ደወል ሲደወል ብርቱካናማ የነፍስ አድን ጃኬት ለብሰው መርከቧ አናት ላይ ይሰለፋሉ፤ እሱ መጀመሪያ ቀን ጃኬቱን ገልብጦ ለብሶ አንገቱ ታንቆ ሊሞት ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን ሌላውን የሚያስተካክል እሱ ሆነ። ሲጠሩት አቤት፣ ሲልኩት ወዴት። ቅዳሜ ቅዳሜ ነርሶቹንና ሐኪሞቹን ጭኖ ወደ ባሕር ዳርቻ ይወስዳቸዋል። እነሱ ሲዋኙ እሱ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ አሸዋው ላይ ይቀመጣል፤ አይስክሬም ይገዙለታል፣ ፎቶ ያነሡታል። በስልሳ ሁለት ዓመቱ እንደዚህ የተወደደበት ጊዜ አልነበረም።

አሁን ስለ እህቱ እንናገር፤ ነገሩ ሁሉ የሷ ነው።

እትዬ በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠዋለች። እናታቸው ሲሞቱ እሱ ገና በእጁ አጥርቶ አይበላም ነበር። ያሳደገችው እሷ ናት፣ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች። መንጃ ፈቃድ ያወጣውም እሷ የስፌት መኪናዋን ሸጣ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለሰው ተቀጥራ በሰው መኪና ስትሰፋ ኖረች። አላገባችም። ለምን እንደሆነ ጠይቋት አያውቅም፤ መልሱን ስለሚያውቀው ይመስለኛል። ግራ ዓይኗን በልጅነቷ ኩፍኝ ወስዶባታል። ያን ሁሉ ቁልፍና ቁልፍ ማስገቢያ የሰፋችው በቀኝ ዓይኗ ብቻ ነው፤ እሱንም መርከቧ ከመምጣቷ ከአንድ ዓመት በፊት ጀምሮ ሞራ ሸፈነው።

መርከቧ በመጣች በአምስተኛው ወር የዓይን ሕክምና ቡድን ሲመጣ ቀበቶ እህቱን ይዞ ላይኛው ከተማ ሄደ። እዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ የዓይን ሐኪሟ በሽተኛ ትለይ ነበር፤ ቀጭን፣ ጸጥ ያለች፣ እጇ የማይንቀጠቀጥ ሴት። እትዬን ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ በአስተርጓሚዋ ነርስ በኩል ለቀበቶ እንዲህ አለችው፦ «ይሄ ዓይን ይድናል። ግን ሞራው በጣም በስሏል። ከቆየ ያብጥና ዓይኑን ከውስጥ ያንቀዋል፤ ያኔ እኔም ማንም ምንም አናደርግም። አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላት፤ ቶሎ አምጣት።» ቢጫ ካርድ ሰጠቻት። እትዬ ካርዱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

አሠራሩ ቀላል ነበር። የዓይን ሕክምና ማክሰኞ ማክሰኞ ነው። ቢጫ ካርድ ያለው ሰው በፈለገው ማክሰኞ ላይኛው ከተማ መሰብሰቢያው ላይ ይሰለፋል፤ ሚኒባሱ የጫነውን ያህል በዚያ ቀን ይታከማል። ከኋላ አሥራ አንድ ሰው በተራው ይገባል። አሥራ ሁለተኛዋን ቦታ፣ ጋቢናዋን፣ ነርሷ ለሾፌሩ ተወችለት። «አንተ ሰው ታውቃለህ» አለችው፣ «ጋቢናዋን ለሚያስፈልገው ሰው አንተ ስጥ።» እሱም ወዲያው «የመጀመሪያው ማክሰኞ የእህቴ ነው» አለ፤ ነርሷም «የታወቀ ነው» አለች። የእትዬ ቤት መንገዱ ዳር ነው፤ ከላይኛው ከተማ ሲመለስ በሯ ላይ ያልፋል፣ ከዚያ ወደቡ አርባ ደቂቃ ነው። የሚከብድ ነገር አልነበረውም። ቆሞ ማሳፈር ነው፣ አለቀ።

በመጀመሪያው ማክሰኞ መሰብሰቢያው ላይ ከአሥራ አንዱ ተርፎ የቀረ አንድ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ሁለቱም ዓይኑ ጠፍቷል። ሚስቱ እጁን ይዛ ሁለት ቀን በእግር አምጥታዋለች። ተራው አሥራ ሁለተኛ መሆኑን ሲሰማ መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ አላለቀሰም፣ ቁጭ ብቻ አለ። ቀበቶ እጁን ይዞ አነሣው። ጋቢና አስገባው። እትዬ በር ላይ ሲደርስ ወርዶ ነገራት። እሷ ከማለዳ ጀምሮ ታጥባ፣ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻሿን አስራ፣ ትንሽ ጥቅል ይዛ ቆማለች።

«እትዬ፣ አንድ ሰው አጋጠመኝ። ሁለቱም ዓይኑ የለም።»

«ታዲያ ምን ታስጨንቀዋለህ፣ ይዘኸው ሂድ» አለች። «እኔ የት እሄዳለሁ። ለሚቀጥለው ታመጣኛለህ።»

ይሄ ጥሩ ሥራ ነው። ማንም ክፉ የሚለው የለም። ድንጋይ ጠራቢው በማግስቱ ፋሻው ሲፈታለት መጀመሪያ ያየው በአውቶቡስ ተከትላው የመጣችውን ሚስቱን ነው፣ ሁለተኛ ቀበቶን። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ የምናወራው ሌላ ወሬ ነበር።

አላበቃም። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ይሰበሰባል። ይዘመራል፣ ማስታወቂያ ይነገራል፣ ከዚያ ፓስተሩ «በዚህ ሳምንት ጌታ ያደረገውን የሚመሰክር አለ ወይ?» ይላል። ዳቦ ጋጋሪው ቀበቶን በክርኑ ጎሸመው። ቀበቶ ተነሣ። መጀመሪያ ወደ መሬት እያየ ተናገረ፤ ነርሷ ስትተረጉምለትና ሰዉ ጸጥ ብሎ ሲያዳምጠው ግን ወኔው መጣ። ድንጋይ ጠራቢውን፣ ሚስቱን፣ የሁለት ቀን መንገዱን አወራ። የእህቱን ወንበር እንደሰጠ አወራ። እትዬ ያላለችውንም ጨመረ፤ «እንባዋ እየወረደ ‹ከኔ በፊት እሱ ብርሃን ይይ› አለችኝ» አለ። እትዬ አላለቀሰችም፣ እንደዚያ ያለ ነገርም ከአፏ አልወጣም። ግን ቆንጆ ሆነለት።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ፓስተሩ አቀፈው። ካፒቴኑ ከፊት ወንበር ተነሥቶ እጁን ጨበጠው። ምሳ ላይ የማያውቃቸው ሰዎች መጥተው ትከሻውን ነኩት። የሰውየው ልብ ቅቤ ጠጣ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ከቦታ ቦታ ሲያደርስ «ሾፌር፣ ወራጅ አለ» ከማለት በቀር ያመሰገነው አልነበረም። ይሄን እንደ ማመካኛ ልንቆጥርለት ይገባል። ከዚህ በኋላ ለመጣው ግን ማመካኛ የለኝም።

በሁለተኛው ማክሰኞ የተረፈችው አንዲት አስተማሪ ናት። ሰሌዳው አይታያትም፣ ፈተና ደርሷል። ቀበቶ ትንሽ አሰበ። የእትዬን በር አሰበ፤ ሐሙስንም አሰበ። ጋቢናውን ከፈተላት። እትዬ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ቆማለች። መኪናው ሲደርስ ጠጋ ብላ በሩን በእጇ ዳሰሰች።

«ዛሬስ ማን ነው?»

«አስተማሪ ናት፣ እትዬ።»

«አስተማሪ ከሆነችማ ትቅደም» አለች። ቀጥላም «አንተ ግን በልተሃል?» አለችው።

ሐሙስ ገና ፓስተሩ ሳይጠይቅ ሰዉ ወደ ኋላ እየዞረ ያየው ጀመር። «በዚህ ሳምንትስ ጋቢናው ለማን ደረሰ?» አሉት። ሥራ ሆነ። ሰው የሚጠብቀው ነገር ሆነ። በሦስተኛው ማክሰኞ መሰብሰቢያው ላይ የተረፈው አንድ ባለ ወፍጮ ነበር፤ አንዱ ዓይኑ ደህና ያያል፣ ጫማውን ራሱ አስሮ ነው የመጣው፣ «ለሚቀጥለው ብመጣም ግድ የለኝም» ብሏል በአፉ። ቀበቶ ግን «ይግቡ፣ ይግቡ» ብሎ ጋቢና አስገባው። እትዬን ቢጭን ሐሙስ ምን ይላል? «እህቴን አመጣሁ» ይላል? እህቱን ያላመጣ ማን አለ፤ ማን ያጨበጭብለታል? እንደዚህ ብሎ በግልጽ አላሰበውም። ሰው እንደዚህ ያለውን ነገር በግልጽ አያስበውም፤ ያደርገዋል እንጂ። ለባለ ወፍጮው ደግሞ ሐሙስ ሲመሰክር ሁለተኛውንም ዓይኑን አጠፋለት።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ባሕር ዳርቻ ሲሄዱ የዓይን ሐኪሟ አብራ ነበረች። አትዋኝም፤ አሸዋው ላይ ከቀበቶ አጠገብ ተቀምጣ እግሯን ውሃ ውስጥ ዘረጋች። በነርሷ በኩል «እህትህስ? እስካሁን አላየኋትም» አለችው።

«በቅርቡ ትመጣለች» አለ።

«አታቆያት። እኔም ልሄድ ነው።»

ቀበቶ አንገቱን ነቀነቀ። መርከቧ ላይ ሰው ሁሌ ይሄዳል፣ ሁሌ ይመጣል። ዳቦ ጋጋሪው ለሦስት ሳምንት ሄዶ ልጁን ድሮ ተመልሷል፤ ቧንቧ ሠራተኛውም ሄዶ መጥቷል። የመርከቧን መነሻ ቀን ደግሞ ቀበቶ በቃሉ ያውቀዋል፤ ገና አራት ወር ከምናምን ይቀራል። መርከቧ እስካለች ሐኪሟም ያለች መሰለው። ሐኪሞች ከየሥራቸው ፈቃድ ወስደው ለጥቂት ሳምንት የሚመጡ እንግዶች መሆናቸውን፣ ወቅታቸው ሲያበቃ ከመርከቧ ሥር የተተከለው ድንኳናቸውም አብሮ እንደሚታጠፍ፣ ያን ያህል ጊዜ መርከቧ ላይ ኖሮ ልብ አላለም። እሱ ልብ የሚለው ሐሙስን ነበር።

በአራተኛው ማክሰኞ የመርከቧ ፎቶ አንሺ አብራው ሄደች። ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ቀልጣፋ ልጅ ናት። «ወንበሩን ስትሰጥ ላንሣህ፣ በየአገሩ ላሉ ደጋፊዎቻችን ይላካል» አለችው። ካሜራዋ እንዳይጋጭባት ከፊት ተቀመጠች። የዚያን ቀን ጋቢናውን የያዘው ሰው እንግዲህ ካሜራ ነው። መሰብሰቢያው ላይ አሥራ አንድ ሰው ብቻ ነበር የቆመው፤ ማንም አልተረፈም። ቀበቶ ይሄን አይቷል። አይቶም ሞተሩን አስነሣ።

እትዬ በር ላይ ሲደርሱ ፎቶ አንሺዋ ወርዳ ከመኪናው ፊት ቆመች። ቀበቶ የጋቢናውን በር ከፍቶ በእጁ ያዘው። እትዬ ጥቅሏን ይዛ ጎን ቆመች። ልጅቷ እየተንበረከከች፣ እየተነሣች ስታነሣ ቆየችና መጥታ የእትዬን እጅ ጨበጠች። እትዬም እጇን በሁለት እጇ ይዛ «እግዜር ይማርዎ፣ አባቴ» አለቻት።

ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። ልጅቷም ሲነገራት ሳቀች። ቀበቶም ሳቀ። በመጀመሪያው ማክሰኞ እኮ እትዬ መኪናዋ ነጭ መሆኗን ከሩቅ ለይታለች፤ ያን ቀን ግን ሴትና ወንድ አጠገቧ ቆሞ አልለየችም። ያ ሳቅ ዛሬም ድረስ ጆሮው ውስጥ አለ።

«ለሚቀጥለው ግን ቁርጥ ነው፣ እትዬ» አላት።

«እሺ» አለች። «ዓይኔ ትንሽ ትንሽ ይጠዘጥዘኛል። ግን ይቻላል።»

ሐሙስ አዳራሹ ውስጥ ስላይድ ታየ። ግድግዳውን የሚያህል ቀበቶ፣ በር ይዞ የቆመ። ሰዉ ቆሞ አጨበጨበ። ከጭብጨባው በኋላ ነርሷ ማስታወቂያ ተናገረች፦ የዓይን ቡድኑ ሥራውን ነገ ይጨርሳል፣ ሐኪሟን እናመሰግናለን፣ የሚቀጥለው ማክሰኞ የታከሙት ሰዎች ለመጨረሻ ምርመራ ብቻ ይመጣሉ። ሦስት መቶ ሰው ሰምቷል። ቀበቶ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ግን ግድግዳው ላይ የነበረውን ፊቱን እያሰበ ነበር፤ ፈገግታው ትንሽ በዛ ወይስ ደህና ነው እያለ። ምን ይባላል? ጆሮው ነበረ፣ እሱ አልነበረም።

ዓርብ ከሰዓት ሐኪሟን አየር ማረፊያ ያደረሳት ራሱ ነው። ሁለት ሻንጣዋን በገዛ እጁ ጫነ፣ በገዛ እጁ አወረደ። ለፈቃድ ሁለት ሻንጣ በዛ ብሎ ነበር በሆዱ፤ ሴት ናት ብሎ አለፈው። አስተርጓሚ አልነበረም። እሷ እጁን ይዛ በራሷ ቋንቋ ረዘም አድርጋ አንድ ነገር ተናገረችው፣ ዓይኗን ዓይኑ ላይ አድርጋ። መጨረሻው ላይ በጣቷ የራሷን ቀኝ ዓይን ነካች። ቀበቶ ምስጋና መሰለው። እሱም «ቀበቶ» አላትና ሳቁ። ገብታ ሄደች።

ማክሰኞ ላይኛው ከተማ መሰብሰቢያው ላይ የቆሙት ድንጋይ ጠራቢው፣ አስተማሪዋ፣ ባለ ወፍጮውና ሌሎች የታከሙት ናቸው። ዘጠኝ ሰው፤ የቀሩት በራሳቸው ወደብ ወርደዋል። ጋቢናው ባዶ ነው፤ ከኋላም ቦታ ተርፏል። ቀበቶ ይሄን ሲያይ ደረቱን ነካ፣ «ጌታ ዛሬ መንገዱን ከፈተላት» አለ። ከልቡ ነው ያለው። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት መሪ ጨብጦ አያውቅም።

እትዬ ድምፁን ሰምታ ከደጇ ወጣች። ቀሚሱ ያው ሰማያዊው ነው። እጇን ይዞ ጋቢና አስገባት፣ ቀበቶዋን ራሱ አሰረላት። መንገዱን ሲጀምሩ ከኋላ ድንጋይ ጠራቢው ድምፁን ከፍ አድርጎ «እርስዎ ነዎት እህትየው?» አለ። «እንዴት ያለ ሰው ነው ያለዎት! መርከቧ ላይ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ አድርገው እንዳሳዩት ባለፈው ማክሰኞ የታከሙት ነገሩን። ሐሙስ ሐሙስ ተነሥቶ ሲናገር ሰዉ ሁሉ እንደሚያጨበጭብለት ነርሶቹ ነግረዋቸዋል። እርስዎም አልቅሰው ‹ከኔ በፊት እሱ ብርሃን ይይ› ብለው አይደል?»

ቀበቶ ማርሽ ቀየረ፤ መቀየር ሳያስፈልገው።

እትዬ ፊቷን ወደ ድምፁ አዞረች። «እንኳን አየህ፣ ወንድሜ» አለች ለድንጋይ ጠራቢው።  ወደቡ እስኪደርሱ ጥቅሏን ጉልበቷ ላይ ይዛ ተቀመጠች።

ከመርከቧ ሥር የዓይን ድንኳኑ ግማሹ ታጥፏል። ሁለት ወንዶች ወንበር እየደረደሩ ነው። ነርሷ ጥግ ላይ አንዲት ጠረጴዛ ይዛ የታከሙትን ታያለች። እትዬን በቀበቶ ክንድ ላይ ስታያት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ምን ሆነህ ነው?» አለችው ቀስ ብላ። «ሐሙስ ተናገርኩ እኮ። ሐኪሟን አንተ አይደለህ እንዴ ያደረስካት?»

«ትመለሳለች አላልሽም?»

«ማን አለ? ሌላ የዓይን ሐኪም የሚመጣው መርከቧ ሌላ ወደብ ስትደርስ ነው። ከአየር ማረፊያ ደውላ እኮ ‹ስለ እህቱ ነገርኩት› ብላኛለች። ወደ ዋናው ከተማ ሆስፒታል በቶሎ ውሰዳት፣ እንዳታዘገይ ብላሃለች።»

ቀበቶ ክው አለ።  እትዬ እጇን ደረቷ ውስጥ ከታ ቢጫውን ካርድ አወጣችና ነርሷ ወዳለችበት አቅጣጫ ዘረጋችው። «እንግዲያው ይሄን ለሌላ ስጡት» አለች። ካርዱ ለሌላ ሰው እንደማይሆን ማንም አልነገራትም። ነርሷ ተቀበለቻት።

ከዚያ በኋላ ቀበቶ እግሩ እስኪቀጥን ሮጧል፤ ይሄን አልክድበትም። በማግስቱ ፈቃድ ጠይቆ ዋናው ከተማ ወሰዳት። ሆስፒታሉ መረመራትና ቀጠሮ ሰጣት፤ ሰው ብዙ ነው፣ ሐኪሙ ጥቂት ነው። ቀጠሮው ሳይደርስ በአምስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ዓይኗ በኃይል አመማት፣ ጭንቅላቷን ይዛ ቀኑን ሙሉ አቃሰተች። በድጋሚ ይዟት ሲበር ሐኪሙ ባትሪውን አብርቶ አየና አጠፋው። «ያለቀ ነው» አለው። «ሁለት ወር ቀደም ብትል ኖሮ...» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም፤ መጨረስም አያስፈልገውም ነበር።

ቀበቶ ወደ መርከቧ የተመለሰው ልብሱን ለመውሰድ ነው። ሐሙስ ነበር። ፓስተሩ «የሚመሰክር አለ ወይ?» ሲል ሰዉ እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ዞሮ አየው። ቀበቶ ተነሥቶ ወጣ። እውነቱን እዚያ ቆሞ ቢናገር ምናልባት ይቀለው ነበር ይላል አሁን። ያን ሁሉ ሐሙስ ያላፈረ አፉ ያን ዕለት ተያዘ። ጸጸቱ እንደ እግር እሳት የሚያንገበግበው በዓይኗ ብቻ አይደለም፤ በዚያም ጭምር ነው። መርከቧ ስትነሣ ሰው ሁሉ ሊሸኛት ወደብ ወረደ፤ እሱ አልሄደም።

አሁን ከእትዬ ጋር ይኖራል። ውሃ ይቀዳል፣ ያበስላል፣ መርፌ ላይ ክር ያስገባላታል፤ በዳሰሳ መስፋት ትችላለችና፣ ቁልፍ ትተክላለች። ጠዋት ጠዋት በክንዱ ይዟት ይወጣል። እሷ ስለ ማክሰኞዎቹ አንድ ቃል ተናግራው አታውቅም። እሱ ግን ብትጮህበት፣ ብትረግመው በወደደ። አትረግመውም፤ «በልተሃል?» ነው የምትለው።

መርከቧ ከሄደች በስድስተኛው ወር ገደማ አንድ ትልቅ ጠፍጣፋ ፖስታ መጣለት። ፎቶ አንሺዋ ናት የላከችው፣ በመስታወት ውስጥ አስገብታ፣ ከሥሩም «ለወዳጃችን ለቀበቶ» ብላ። እትዬ የወረቀቱን መቀደድ ሰማች።

«ምንድነው እሱ?»

«ፎቶ ነው።»

«የማን?»

«የኔና ያንቺ።» ሊዋሽ ይችል ነበር። መዋሸት ሰልችቶታል። «ያን ቀን መንገድ ዳር የተነሣነው።»

«እስቲ ንገረኝ» አለች። እጇን ዘርግታ መስታወቱን በጣቶቿ ዳሰሰችው። «ምን እያደረግን ነው?»

«እኔ የጋቢናውን በር ከፍቼ ይዣለሁ። አንቺ አጠገቤ ቆመሻል። ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሰሻል፣ ጥቅልሽን ይዘሻል።»

«ጋቢና ውስጥስ ማን አለ?»

ቀበቶ ፎቶውን አየ። ፎቶ አንሺዋ ለማንሣት ወርዳለች። ወንበሩ ላይ ማንም አልነበረም፤ ቀበቶው ተንጠልጥሎ፣ ፀሐይ ወርዶበት፣ ወንበሩ ባዶውን ነው።

«ማንም የለም፣ እትዬ» አለ።

«ባዶ ነው?»

«ባዶ ነው።»

እትዬ ጣቷን ከመስታወቱ ላይ አነሣች። 

«እኔ እኮ ሰው ያለበት መስሎኝ ነው የቆምኩት» አለች።